ማንም ያልተበላበት መሻገሪያ

በየካቲት ወር 1985 ዓ.ም.፣ ባሮ ጎድሎ አሸዋው ብቅ ብቅ ባለ ጊዜ፤ ጋምቤላም ክልል አሥራ ሁለት ተብላ በራሷ ምክር ቤት መተዳደር በጀመረች ሰሞን፤ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ባለች አንዲት የወንዝ ዳር መንደር አዞ ሁለት ሰው በላ። ሁለተኛዋ ሬቤካ ነበረች፤ የአዲሱ የቀበሌ ሊቀ መንበር የኦሞት ሚስት፣ የአጁሉ ታናሽ እኅት።

የመንደሩ በቆሎ ከወንዙ ማዶ ነበርና መሻገር ግድ ነበር፤ ሁለቱም የተበሉት ሁሉም በሚሻገርበት በታችኛው መሻገሪያ ነው። ሽማግሌው ኩዎል ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተነሥተው፣ «የላይኛው መሻገሪያ ሰው በልቶ አያውቅም፤ ከነገ ጀምሮ በዚያ እንሻገር» አሉ፤ ጉባኤው አጨበጨበ። የኦሞትም ልብ ወደዚያው አዘነበለ፤ መቼም ሐዘን ደኅና መካሪ አይደለም። ሊፈቅድ ሲል ከደጋ የመጣው መምህር ዘርአብሩክ እጁን አነሣ።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ በታችኛው መሻገሪያ ሁለት ሰው የተበላው ከስንት ተሻጋሪ ነው?»

«መንደሩ በሙሉ፣ በጋውን ሁሉ ጠዋትና ማታ ይሻገርበት የለም እንዴ?»

«በላይኛውስ?»

ኦሞት ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባታችን፣ በላይኛው በእግሩ የገባ ማን ነው?»

ኩዎል መለሱ፦ «ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ እነሱ ግን በታንኳ ናቸው። በእግር እንኳ... ማንም አልገባም።»

ኦሞት አሁን ገባው፤ ሰው ያልተበላው ለካ ሰው ስላልገባበት ኖሯል። በታችኛው እንዲሻገሩ፣ ግን ሁሉም ባንድነት፣ ውሃውን በዱላ እየደበደቡ እንዲሆን አዘዘ፤ ሕዝቡ እያጉረመረመ ተበተነ።

ቤት ሲገባ አጁሉ ቆማ ጠበቀችው። «እኅቴን በበላው ውሃ ግቢ ትለኛለህ?»

«እኔም እፈራለሁ። ፍርሃታችን ግን ያየነውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያንኛውን አላየነውም።»

«ብትሳሳትስ?»

«ከፊትሽ እሆናለሁ» አላት።

በማግሥቱ ውሃው ወገቡ ሲደርስ ተንሳፋፊ ግንድ ሁሉ አዞ ሆኖ ታየው፤ ዱላውን አጥብቆ ይዞ ውሃውን እየመታ ቀጠለ። አጁሉ ሸሚዙን ከኋላ ጨብጣ እያለቀሰች ተከተለችው። ተሻገሩ፤ ማታም ተመለሱ፤ በነጋታውም እንዲሁ።

በዚያ በጋ ሌላ ሰው አልተበላም። ብልኀቱ ይሁን ዕድሉ፣ ኦሞት እስኪሞት ድረስ አላወቀም፤ አጁሉም አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነችው። ከዓመታት በኋላ የመንደሩ ሰው ያን ዘመን ሲያነሣ የሚያወራው አዞ ስለበላቸው ስለ ሁለቱ ነው፤ በየማለዳው እየተንቀጠቀጡ ተሻግረው ማታ በቤታቸው ስላደሩት የሚያወራ የለም።