የሀጂራን ይመስላል

ዘይቱና ያንን ቃል ጣልያን ባሕር ዳር ከገባበት ዓመት ጀምሮ እንደ ዓሣ አጥንት በጉሮሮዋ ይዛው ኖራለች።

ቃሉን የተናገረው ዳውድ ነው፤ ከቁንዝላ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው ጥቂት ሰው። መጀመሪያ የተያዩት ከጓሮዋ በታች፣ ታንኳው ከሚቆምበት ዳርቻ ነው። እርጥብ በርበሬ ለቅማ ስትመለስ አያትና ዓይኑን ሳይነቅል ቆመ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲያ አይቷት አያውቅም። ደስ ብሏት ቂጣ ላይ ድልህ ቀብታ አቀመሰችው። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

«ልክ የሀጂራን ይመስላል!» አለ።

ይቺ ሀጂራ የምትባል የቁንዝላ ሴት ማን ናት? ዘይቱና አልጠየቀችም። ብትሞት አትጠይቅም። የአንዷን ሴት ቂጣ እየበላ የሌላዋን እጅ የሚያመሰግን ወንድ ምን ይጠየቃል?

ከዚያ ወዲያ ጓሮዋ ሁሉ ከሀጂራ ጋር ሙግት ሆነ። ፍግ ከሩቅ ተሸክማ አመጣች። ነጭ ሽንኩርቱን በጣቷ እየቆፈረች ተከለች። የጣልያን ሰፈር ወጥ ቤት ቲማቲም ትከይልን ሲላት ከአጥሩ ሥር ተከለች እንጂ የበርበሬ መደቧን አላስነካችም። በርበሬው ሲቀላ ቀንጥሳ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ወቅጣ፣ በድንጋይ አልማ ትፈጨዋለች፤ ማሰሮ ውስጥ ጨምራ የኑግ ዘይት ታፈስበትና አፉን በኮባ ቅጠል ታስራለች። ዓመት ቢቀመጥ አይሻግትም።

ዳውድ በየዓመቱ ይቀምሳል። «ጥሩ ነው» ይላል። ከዚያ አንድ ማሰሮ ይለምናል፤ ለማን? ለሀጂራ! ትሰጠዋለች፤ እምቢ ብትል ቀናች እንዳይላት።

ሽማግሌም ላከ። ሸህ ኑርሑሴን መጥተው «ልጄ፣ ዳውድ ደኅና ሰው ነው» ቢሏት፣ «ደኅና ከሆነ ሀጂራን ያግባት» አለቻቸው። ሸሁ ሰውዬው ሌላ ሴት ያለው መስሏቸው አፍረው ሄዱ፤ ለዳውድም «አልፈለገችህም» ብቻ አሉት።

በኅዳር የጣልያኑ ሹም «አርበኛ የሚሻገረው በታንኳ ነው» አለና ከጁምዓ በኋላ ሐይቁ ላይ የተገኘ ታንኳ ሁሉ እንዲቃጠል አዘዘ። ዳውድ መጣ። ዘይቱና በርበሬ ትቀነጥስ ነበር።

«ነገ ወደ ቁንዝላ እነሣለሁ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለኝም።»

እጇ ቆመ። ቀና ግን አላለችም።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

«እዚህ የሚያስቀረኝ ሰው እምቢ ብሎኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ከዘሩም ከድልሁም ስጪኝ። ሀጂራ...»

«ወላሂ አንዲት ፍሬ አልሰጥህም! እሷ እጅ የላትም? ትትከል!»

«እግሯን ካመማት ቆየ። ጓሮዋን ዳዋ በልቶታል።»

«ባሏ ይቆፍርላት!»

ዳውድ ትክ ብሎ አያት። «አባቴ ከሞተ ወዲህ መቼ አገባች?»

«አባትህ ደግሞ እዚህ ምን አገባው?»

«እንዴ! የናቴ ባል አባቴ አይደለም?»

በርበሬው ከእጇ ወደቀ።

«እናትህን ነው ሀጂራ፣ ሀጂራ የምትለኝ?»

«አያቴ ቤት ነው ያደግሁ። አያቴ ሀጂራ ሲሏት ሰማሁ፤ እኔም ሀጂራ አልሁ። አንቺ ማን መሰለችሽ?»

ፊቷን ስትጠርግ በርበሬ የነካ እጇ ዓይኗን አቃጠላትና እንባዋ ወረደ።

«በርበሬው ነው» አለች።

«ገብቶኛል።»

«አትሳቅ!»

«አልሳቅሁም። ዘይቱና፣ ያን ጊዜ ያንቺን ስቀምስ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ያንኑ ነው ያልሁሽ።»

ከዚያ ተነሥታ ሻሿን አጠበቀች።

«ሂድ፣ ሸህ ኑርሑሴንን ጥራቸው። ወንድሜንም።»

«ለምን?»

«ኒካሕ ሳይታሰር ታንኳህ ላይ የምወጣ መሰለህ?»

በማግስቱ ጠዋት ጓሮዋን ለወንድሟ ትታ፣ የበርበሬ ዘሯን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣ ትልቁን የድልህ ማሰሮ ታቅፋ ታንኳው ላይ ተቀመጠች። መደቧን አንድ ጊዜ ዞራ አየች፤ ከዚያ አልዞረችም።

«ሀጂራ ደስ ይላታል» አለ ዳውድ እየቀዘፈ።

«እማማ ሀጂራ በል! ደግሞ እዚያ ስንደርስ አፍህን ያዝ። የማን የማንን እንደሚመስል ቀምሰው የሚፈርዱ እሳቸው ናቸው።»