ከሳንባው የወጣው ውኃ

የባሕር ምርምር ጣቢያው ኃላፊ የነበረው ዶክተር ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ በጀልባ ማቆሚያው ሥር ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑን ያየው ጀልባ ነጂ ሮጦ ሰው ጠራና ወደ ውኃው በጣቱ አመለከተ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሁሉም «አዳልጧቸው ነው» አሉ። እሷ ግን አጎንብሳ የሟቹን ማጅራት አየች፤ የጣት ሰንበር ነበረበት።

«ባለቤትዎ ዋና ይችሉ ነበር?»

«እንደ ዓሣ ነው የሚዋኘው» አለች ሚስቱ። «እህቴ፣ የገደለው ሰው እዚሁ አብሮን ነው ያለው?»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ረዳት ዞረች። «እርስዎስ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ማጣሪያ ክፍል። የባሕር ውኃ እያጣራሁ ገንዳውን ስሞላ ነበር። ከውስጥ ቆልፌ ስለምሠራ ዝንብ እንኳ አልገባም።»

ኮሪደሩ ላይ የማይክሮስኮፕ ባለሙያዋ መርማሪዋን እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«ዶክተሩ ትናንት ‹የምርምር ፎቶዎችህ የውሸት ናቸው፤ አጋልጥሃለሁ› ብለው ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ማንን እንደሆነ አላየሁም። መስማቴን ካወቀ ግን...» ኮቴ ሰማችና ክው ብላ ቀረች።

መርማሪዋ ሁለት ናሙና ሰጠቻት፤ አንዱ ከጀልባ ማቆሚያው የተቀዳ፣ ሌላው ከሟቹ ሳንባ የወጣ ውኃ ነበር። በሩን ቆልፈው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመሩት።

በማግስቱ ሚስቱ፣ ረዳቱ፣ ጀልባ ነጂውና ባለሙያዋ እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ፤ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። መርማሪዋ ሁለት ምስሎች አሳየች።

«ይሄ የባሕሩ ነው። የዋቅላሚ፣ ማለትም የአልጌ፣ ስብርባሪው፣ የሞተ ሕዋሱ፣ ዝልግልግ ክሩ ሞልቶበታል። ይሄኛው ከሳንባቸው የወጣው ነው፤ እንደ ብናኝ የደቀቀው ብቻ ነው ያለው። ትልልቆቹ የት ሄዱ?»

«ማጣሪያው አስቀርቷቸዋል» አለች ባለሙያዋ በሹክሹክታ።

«አዎ። ዶክተሩ የሰጠሙት ባሕር ውስጥ ሳይሆን ገንዳው ውስጥ ነው። ገንዳው ከዚያ በፊት ውኃ ነበረው?»

«ኧረ የለም!» አለ ጀልባ ነጂው። «ዋዜማውን እኔው አጥቤ ባዶውን ነው የተውኩት።»

«እንግዲያው ውኃው የገባው ያን ጠዋት ነው። የማጣሪያ ክፍሉ የኋላ በር ደግሞ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ይወስዳል። ያን ጠዋት ከውስጥ ቆልፎ ገንዳውን ሲሞላ የነበረው ማን ነው?»

ጀልባ ነጂው ከረዳቱ አጠገብ ሸሸት አለ። ሚስትየው ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለፎቶ ብሎ ዕድሜ ልኬን የለፋሁበትን ሊያጠፋው ነበር!» ብሎ ረዳቱ ሲነሣ ፖሊሶቹ አፈፍ አድርገው ያዙት።

ከተወሰደ በኋላም ባለሙያዋ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«አይዞሽ፣ ሄዷል» አለቻት መርማሪዋ።

«አስከሬናቸው ሊገኝ ትንሽ ሲቀረው ሻይ አምጥቶልኝ ነበር» አለች፣ እጆቿን ትክ ብላ እያየች። «እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ ነበር። እኔ ደግሞ ‹ተባረክ› ብዬው ጠጣሁት።»