የሾናግ መግነዝ

እንደ አገሩ አቆጣጠር በ፲፰፻፳፪ ዓመት፣ ክረምቱ በስኮትላንድ ተራሮች ላይ ሳያባራ፣ አንድ ወሬ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ናኘ፤ ንጉሡ ከለንደን ተነሥቶ ኤድንብራ ሊገባ ነውና የየጎሳው አለቃ ሁሉ ታርታን የሚሉትን፣ ባለ ቀለም መስመሮች የሚተላለፉበትን የአባቶቹን የሱፍ ጥለት ለብሶ ለሰልፍ እንዲቀርብ ታዘዘ።

የኦርሃን ሸለቆ ባላባት ሰር ኢቫንደር ጨነቀው። እድሜውን በለንደን አዳራሾች የፈጀ ሰው ነበርና የአባቶቹን ጥለት አያውቅም፤ ለማወቅ ቢሻም የሚታወቅ ነገር አልነበረም። በኦርሃን ሰው የሚለብሰው ሸማኔው ከዕፅዋት ሥርና በድንጋይ ላይ ከሚበቅል ሽበት ቀቅሎ ያወጣውን ቀለም ነው እንጂ፣ ይህ የእገሌ ጎሳ ያ የእገሌ ብሎ የከፈለ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ባላባቱ በፈረስ ሆኖ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ፤ ራሱ ከሸለቆው ካባረራት ከሸማኔዋ ከማርሳሊ ጎጆ ደጃፍም ቆመ።

ከሦስት ዓመት በፊት መሬቱን ለበግ መንጋ ሲያስለቅቅ፣ ጭፍሮቹ ጣሪያዋን የለኮሱት እናቷ ሾናግ ታማ በተኛችበት ነበር። አራት ዘመዶች ማርሳሊ በሸመነችው ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጫፍ ጫፉን ይዘው አወጧት። አሮጊቷ ሳምንት ሳይሞላት በበጎች በረት ውስጥ ሞተች፤ በዚያው ልብስ ገንዘው ቀበሯት። ሰር ኢቫንደር ያን ቀን ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን ጭሱ ካባውን እንዳያበላሽበት ሲጠነቀቅ አሮጊቷን በምን ጠቅልለው እንዳወጧት አላየም። ያ ቂም በማርሳሊ አንጀት ውስጥ ሲብሰለሰል ኖሯል።

«የአባቶቼን ጥለት ታውቂዋለሽ?» አላት።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለች።

ሸመነችውም። ቀይና አረንጓዴ፣ በመካከሉም በሁለት ጥቁር የታጠረ ቀጭን ቢጫ መስመር። ባላባቱ ሊወስድ ሲመጣ ወደ ብርሃን አወጣውና ቀዩ የጀግንነት ምልክት መሆን አለበት ብሎ ጠየቃት።

«እርስዎ ካሉ ነዋ» አለችው።

የሰልፉ ዕለት ማርሳሊ በእግሯ ኤድንብራ ገባች። ዝናቡ እየወረደ፣ መለከቱ እየተነፋ፣ ሰር ኢቫንደር ደረቱን ነፍቶ አለፈ። በመንገዱ ዳር መኳንንትን ከነወንበራቸው በትከሻ እየተሸከሙ የሚተዳደሩ የኦርሃን ስደተኞች ቆመው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የአክስቷ ልጅ ዱጋልድ ነው። የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ የያዘ እጅ ጥለቱን አይረሳምና፣ ዱጋልድ ቆቡን አወለቀ፤ ሌሎቹም ተከትለው አወለቁ፤ አንገታቸውንም ደፉ። ባላባቱ ለእርሱ መስሎት በፈገግታ እጁን አነሣላቸው።

በቤተ መንግሥቱ በር አንድ አጋፋሪ ወደ እርሱ መጥቶ ንጉሡ ከጥለቱ ሁሉ የእርሱን እንደ ወደዱ፣ ከእንግዲህም በየበዓሉ ይህንኑ ለብሶ እንዲታይ እንደሚሹ ነገረው። አጋፋሪው ዞር ሲል ማርሳሊ በሕዝቡ መካከል ተሹለክልካ አጠገቡ ደረሰች።

«ጌታዬ፣ እናቴን ሾናግን ያስታውሷታል? ጣሪያችንን ሲያስለኩሱ በዚህ ጥለት ጠቅልለን ነው ያወጣናት። የገነዝናትም በእርሱ ነው። እነዚያ ሰዎች ቆባቸውን ያወለቁት ለእርሷ ነው እንጂ ለእርስዎ አይምሰልዎ።»

የሰር ኢቫንደር ፊት አመድ መሰለ። እጁ በትከሻው ላይ ወዳለው የልብሱ መቆለፊያ ሄደ።

«አያውልቁት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ንጉሡ ወደውታል።»

አጋፋሪውም ከደረጃው ላይ ጠራው፤ እጁ ወረደ፤ ለብሶት ገባ። የማርሳሊ አንጀት ያን ዕለት ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ሰር ኢቫንደር ሃያ ዓመት ኖረ፤ በሠርግም በግብዣም ያንኑ ለበሰ። አሽከሮቹ እንደሚያወሩት፣ ልብሱ በላዩ ሳለ እሳት ወዳለበት ክፍል አይገባም ነበር። የኦርሃን ሰው ባለፈበት ሁሉ ቆቡን ያወልቅለታል፤ እርሱም የሚያወልቁት ለማን እንደሆነ ያውቃል።

ግን የሚያውቁት አንድ በአንድ አለቁ። ዛሬ የጥለቶች መጽሐፍ ቢገለጥ «የኦርሃን ባላባቶች ጥንታዊ ጥለት» የሚል ይገኛል፤ ቀዩ የአባቶች ጀግንነት፣ ቢጫው የማለዳ ፀሐይ፣ ጥቁሩ ጽናት ነው ይላል። ሸለቆውን በግ ይግጠዋል፤ የማርሳሊ ስም የትም የለም። ከባሕር ማዶ የስደተኞቹ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ጥለቱን ገዝተው፣ በሠርጋቸው ቀን፣ የሾናግን መግነዝ ለብሰው ይጨፍራሉ።