የእታገኘሁ ሹክሹክታ

«አየሩ ስለሚሳሳ ነው በያቸው» አለች እታገኘሁ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

አጠገቧ የቆመችው ኑርጃን ጉሮሮዋን ጠረገች። «አየሩ ስለሚሳሳ ነው፣ ጋሼ።»

መምህር ፈንታሁን የጠየቁት፣ ደጋ ከቆላ ይልቅ ወደ ፀሐይ ከፍ ብሎ ሳለ ለምን ይበርዳል ብለው ነበር። መልሱ ትክክል ነው። ሌላ አስተማሪ ቢሆን «ጎሽ፣ ተቀመጪ» ይላል፤ ልጅቱም ትቀመጣለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እሳቸው ግን ጠመኔውን በጣቶቻቸው እያገላበጡ፣ «መሳሳቱን በምን አወቅሽ?» አሏት።

ኑርጃን ወደ ጎን ሰረቅ አድርጋ አየች። እታገኘሁ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ገለጠች። መጽሐፉ አየሩ ይሳሳል ይላል እንጂ በምን እንደታወቀ አይናገርም። እሷም ብትሆን እስከዛሬ አስባው አታውቅም።

«ምነው፣ ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ እንዴ?» አለ ከኋላ ውበቱ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ሳቁ።

መምህሩ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። አስቢበት፣ ዓርብ እንመለስበታለን ብለው አስቀመጧት።

ኑርጃን የመካነ ሰላም ልጅ አይደለችም። ከዓባይ ቆላ ነው የመጣችው። እዚያ አምስተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ዝናቡ ደግሞ ቀረ፤ ከብቱ አለቀ፤ ቤተሰቡ አቀበቱን በእግሩ ወጣ። እናቷ ከተማው ሳይደርሱ ጥግ ይዛ ዐረፍ አለች፤ ከዚያ አልተነሳችም። አባቷ ከሰፋሪዎች ጋር መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ የት እንደወረደ እስካሁን ወሬው የለም። እሷ አክስቷ ዘንድ ቀረች። አክስቲቱ ደግሞ የራሷ ልጆች አሏት፤ የእርዳታው ስንዴ ለእነሱም አይደርስ። እንዲህ ያለች ልጅ ክፍል መሃል ቆማ ስትርበተበት ዝም ብሎ ማየት ያስችላል? እታገኘሁን አላስቻላትም። ከመስከረም ጀምራ ኑርጃን የተጠየቀችውን ሁሉ ሹክ ስትላት ከረመች።

አሁን ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። አቀስታ የሚኖረው የኑርጃን አጎት ኑርሁሴን ቅዳሜ በእህል መኪና መጥቶ ሊወስዳት ነው። እዚያ ደግሞ በዓመቱ መሃል የሚመጣን ልጅ ዳይሬክተሩ ፊት ለፊት አቁመው በቃል ይጠይቃሉ ተብሏል። ካለፈች ስድስተኛ ክፍል ትገባለች፣ አጎቷም ያኖራታል። ካላለፈች ግን እሱ ዘንድ መቀመጧ ቀርቶ በሚቀጥለው ዙር ከሰፋሪዎች ጋር አባቷን ፍለጋ ትሄዳለች። ለብቻዋ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በማታውቀው አገር፣ ወባ ባለበት።

ሐሙስ ከሰዓት እታገኘሁ ጓደኛዋን ቤቷ ወስዳ ቁጭ አደረገቻት። ሊጠየቁ ይችላሉ ያለቻቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስጠናቻት። የእታገኘሁ እናት የተቀቀለ ባቄላ ሰጥታቸው፣ በሩን ዝጉት ብርዱ ይገባል፣ ኧረ ቀስ ብላችሁ አውሩ እያለች ትወጣለች፣ ትገባለች። የመምህሩ ነገርም አልጣማትም። ማስተማሩን ትተው ልጅ ሁሉ ለምን፣ በምን እያለ እንዲጠይቅ አድርገውታል አሉ፤ ዘንድሮ ደግሞ ጥያቄ ያበዛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማን ያውቃል። ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ቀበሌው ከቤታቸው ሩቅ አይደለም።

ኑርጃን የተሰጣትን አንድ ሳታስቀር ያዘች። እታገኘሁ ጠየቀቻት፤ እሷ መለሰች፤ ደግማ ጠየቀቻት፤ ደግማ መለሰች። ልክ በቀበሌው የውይይት ክበብ የአብዮቱ ጠላቶች እነማን ናቸው ሲባል ልጁ ሁሉ ተቀባብሎ እንደሚያንበለብለው ነው። እታገኘሁ ደስ ብሏት፣ ለጨዋታ ያህል ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀደመችው።

«እጽዋት ምግባቸውን የሚያዘጋጁት በምናቸው ነው?»

«በልብ» አለች ኑርጃን፣ ሳታመነታ።

እታገኘሁ ሳቀች። ኑርጃን ግን አልሳቀችም። ያኔ ለእታገኘሁ ገባት። የመጀመሪያው ጥያቄ ደም የሚረጨው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው የሚል ነበር። ልጅቱ የያዘችው የመልሶቹን ተራ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ከመሃል ቢጀምሩስ?

«አንቺ ልጅ፣ ስጠይቅሽ ጭንቅላትሽ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለቻት፣ ድንጋጤዋ ቁጣ ሆኖ።

ኑርጃን የባቄላውን ቅርፊት በጣቷ ስትፈትግ ቆየች።

«ያንቺ ድምፅ» አለች። «ወላሂ፣ ጥያቄውን አልሰማውም። ሰው ሲጠይቀኝ የማዳምጠው አንቺን ነው።»

ባቄላውን ጨርሰው ሲነሱ እታገኘሁ እስከ አክስቷ በር ሸኘቻት፤ መንገዱን ሁሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻትም።

ዓርብ ጠዋት ኑርጃን ቀድማ ገብታ የእታገኘሁን ቦታ በደብተሯ ይዛላት ነበር። እታገኘሁ አየቻት። አየቻትና አልፋት ሄዳ ከፊተኛው ወንበር ጥግ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

«ኧረ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለ ውበቱ።

መምህር ፈንታሁን ገቡ፤ እንዳሉትም ኑርጃንን አስነሥተው ያንኑ ጠየቁ። አየሩ መሳሳቱ በምን ይታወቃል?

ዝምታው ረዘመ። እታገኘሁ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ተክላ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። እሷ መልሱን አግኝታዋለች፤ ትናንት ማታ ታላቅ ወንድሟን ጠይቃ ነግሯታል፣ ከፍታ ላይ የሰው ትንፋሽ ያጥራል ብሎ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዞር ብላ «ትንፋሽ» ብትላት ማን ያያታል? እጆቿን ጭኗ ላይ ቆለፈች። ከኋላዋ የኑርጃን እግር መሬቱን ሲፍቅ ይሰማታል። አልዞረችም።

«አላውቀውም፣ ጋሼ» አለች ኑርጃን በመጨረሻ። «ግን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«አቀበቱን ስንወጣ ትንፋሻችን ያጥር ነበር። የሁላችንም። ግን ርቦንም ነበር። ያጠረው በረሃቡ ይሁን በአየሩ በምን እለየዋለሁ?»

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«በምን ትለዪዋለሽ?» አሏት፣ ቀስ ብለው።

አሰበች። አሁን ዝምታዋ ሌላ ነው፤ እታገኘሁ ሳትዞርም አወቀችው። «ጠግቦ የሚወጣ ሰው መጠየቅ ነው» አለች ኑርጃን።

«ዘንድሮ እሱን ከየት ታመጪዋለሽ?» አለ ውበቱ። ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

«የእህል መኪናው ረዳት አለ» አለች ሳቁ ሲበርድ። «እዚህም አቀስታም ያንኑ ጆንያ ነው የሚያወርደው። አቀስታ ደግሞ ከዚህ ይበርዳል፣ ከፍ ይላል ይባላል። የትኛው ጋ ቶሎ እንደሚያለከልክ ነገ እጠይቀዋለሁ።»

መምህሩ ጎሽ አላሏትም። ረዳቱ የሚለውን ሰምተሽ በሰው ላኪልን፣ እኛም እዚህ የሚያወርዱትን እንጠይቃለን አሏትና ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ደወል ተደውሎ ሲወጡ ኑርጃን በሩ ላይ ደረሰችባት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ተቀይመሽኝ ነው?»

«አልተቀየምኩም።»

«ታዲያ ለምን ትተሽኝ ሄድሽ? ነገ እኮ ሂያጅ ነኝ።»

እታገኘሁ የምትመልሰው አላጣችም። ከትናንት ጀምራ ስታሰላስለው ያደረችው ነው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ብትነግራት ኑርጃን ታቅፋታለች፣ ሁለቱም አልቅሰው ይወጣላቸዋል። ዋጠችው።

«ለምን ይመስልሻል?» አለቻት።

ኑርጃን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ወደ መንገዱ መልሳ መራመድ ጀመረች፣ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ። እታገኘሁ እርምጃዋን ከእሷ ጋር አስተካክላ መልሷን ጠበቀች።