በዓል የጠበቀው ፒስተን

ዘመነ ሲረግጠው የሞተር ብስክሌቱ መርገጫ ያለ ምንም ትግል እስከ ታች ወረደ። ጤነኛ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር የረገጠውን እግር መልሶ ይገፋል፤ ይሄ ግን እንደ ላላ የአልጋ ጠፍር ዝም ብሎ ተቀበለው። በስንት ርግጫ ተነሣና የቢቸናን መንገድ በሰማያዊ ጭስ ሞላው።

«ላልቷል ብዬህ ነበር» አለች ትርሲት፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በትከሻዋ እያጠበቀች።

«ጊዮርጊስ ሊደርስ አይደል? ያኔ አውርጄ እፈታዋለሁ።»

ትርሲት የእንስሳት ሐኪም ናት። ዘመነ የቢቸና ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ዘንድሮ በክትባት ዘመቻው እሷን ገደል ለገደል ሲያመላልስ ከርሟል። የሰው ሞተር ሲሆን «የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል፤ ዛሬውኑ ይውረድ!» ብሎ ይቆጣል። የራሱን ግን የሚከፍተው በዓመት አንዴ፣ በሚያዝያ ጊዮርጊስ ዋዜማ ብቻ ነው። ዝክሩን ከአባቱ ወርሶ ነበር፤ ሞተሩን እሱ ጨመረበት። ጠላው ሲጠመቅ ፒስተኑና ፋሻው ይቀየራል፣ በማግስቱ ማኅበርተኛው ይበላል ይጠጣል። ሞተሩ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ሲመላለስ በኖረባቸው ዓመታት ይህ በቂ ነበር። ዘንድሮ ግን የዓባይን በረሃ ሲወጣና ሲወርድ ነው የከረመው። ዘመነ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ማሰብ አልፈለገም።

የዛሬው መንገድ ወደ ታላቅ እኅቱ ወደ ሸዋነሽ መንደር ነው፣ ከጉንደ ወይን ወዲያ፣ ገደል አፍ ላይ። አባ ሰንጋ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቷል። ሸዋነሽ ገና ሲነጋ ደውላ «ቡሬ አተኩሶታል፣ ጭድም አልቀመሰ» ብላ አልቅሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታርሰው በቡሬና በዳማ ነው፤ ሌላ በሬ የላትም። ትርሲት የያዘችው የመድኃኒት መርፌ ቶሎ ከደረሰ ቡሬ ሊድን ይችላል፤ ከዘገየ አይድንም።

ደብረ ወርቅን እንዳለፉ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ፊታቸውን እየገረፋቸው፣ መንገዱ ጭቃ እየሆነ፣ ሁለቴ ወድቀው ሁለቴ ተነሡ። መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ጋ ሲደርሱ ጎርፉ ደፍርሶ ይጮሃል። ትርሲት ሣጥኑን ከራሷ በላይ ይዛ ገባች፤ ዘመነ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ ተከተላት። ውኃው እስከ ወገባቸው ደርሶ አንገዳገዳቸው እንጂ አልወሰዳቸውም።

ከወንዙ በላይ ዳገቱ ይጀምራል። ዘመነ ከሞተሩ ውኃውን አንጠፍጥፎ አስነሣውና በአንደኛ ማርሽ ነዳጁን ሙሉ ከፈተ። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ እንደ ታነቀ ሰው ሲር አለና የኋላ ጎማው ባለበት ቆለፈ። ፍሪሲዮኑን ያዘ፤ ወደ ገደሉ ተንሸራተው አንድ ግራር ግንድ ላይ ቆሙ።

«ምን ሆነ?»

«ፒስተኑ ተጣበቀ።»

ትርሲት ስልኳን አየች፤ ኔትወርክ የለም። «በእግራችን ብንሄድስ?»

«ይመሽብናል። እዚሁ ባወርደው ይሻላል።»

«በምን ዕቃ?»

ዘመነ የመፍቻ ቦርሳውን ፈታ። ከሞጣ የገዛው አዲስ ፒስተን ከነፋሻው፣ ከነወረቀቱ ተጠቅልሎ ወጣ። በዓሉን እየጠበቀ ወር ሙሉ በአሮጌው ላይ ተጭኖ ሲንሸራሸር ከርሟል። ትርሲት አየችው፣ ከዚያ ዘመነን አየችው። መፍቻውን አንሥታ አቀበለችው፤ እሱ ግን ብትሰድበው ይመርጥ ነበር።

ሲሊንደሩን አወጣ፣ የተጠበሰውን ፒስተን ነቀለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሉሚኒየም በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ። የተቀደደውን የመገጣጠሚያ ወረቀት፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ከክትባቱ ካርቶን ቆርጦ ተካ። አዲሱን ፒስተን ገጥሞ፣ ፋሻውን በጣቶቹ ጨምቆ ሲሊንደሩን ሊያለብስ ሲል ትርሲት ጮኸች።

ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጥተው ነበር። አንዱ ጎፈራም ወንድ የሣጥኑን ማሰሪያ ነክሶ ወደ አፋፉ ይጎትታል። ትርሲት ዘላ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ዝንጀሮው ጥርሱን አወጣ፤ እሷም አልለቀቀችም።

«ዘመነ!»

ሁለት እጁ ተይዟል፤ ከለቀቀ ፋሻው ይሰበራል። ሲሊንደሩን ገፍቶ አስገባና የተቃጠለውን ፒስተን አንሥቶ ወረወረ። ጎኑን ሲያገኘው ዝንጀሮው ማሰሪያውን ጥሎ ገደል ገባ። ያ ፒስተን ዘንድሮ የረባ ሥራ የሠራው ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩ ተነሣ፤ መርገጫውም እግሩን መልሶ ገፋው። ትርሲት ጀርባውን መታችው።

«በል ንዳው!»

«አዲስ ፋሻ ሮዳጅ ይፈልጋል፣ እስኪላመድ ቀስ ብሎ መነዳት። ከፈጠንኩ ይሄም ይጣበቃል።»

ከቀረው መንገድ ሁሉ የከበደው ይህ ነበር። እኅቱ እየጠበቀች፣ አህያ የጫነ ገበያተኛ እየቀደማቸው፣ ነዳጁን በጣት ጫፍ እየሰጠ ዳገቱን ወጣ።

መንደሩ ሲገቡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቡሬ ግቢው ውስጥ በጎኑ ሞቶ ተጋድሟል፤ ጎረቤቶች ቢላ ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል።

«አትንኩት! ሥጋው ይገድላችኋል!» ትርሲት ከሞተሩ ዘላ በመካከላቸው ገባች። «ከነቆዳው ይቀበር!»

«ይኼን ሁሉ ሥጋ ለአፈር?» አለ አንዱ። ሸዋነሽ ከበሬው አጠገብ ተነሥታ ቢላውን ከእጁ ወሰደችው።

«የኔ በሬ ነው። ይቀበራል።»

ትርሲት ዳማን መረመረችው፤ ትኩሳት የለውም። ከተበችው፤ የመንደሩንም ከብት እስኪጨልም ከተበች። ዘመነ አካፋ ይዞ ጉድጓድ ቆፈረ፣ እህ ሳይል።

ሲጨርስ ከእኅቱ ፊት ቆመ። «መቼ ሞተ?»

«እናንተ ከመድረሳችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

«እታለም፣ ፒስተኑ በእጄ ነበር። ጊዮርጊስ እስኪደርስ ብዬ ነው።»

ሸዋነሽ የቡሬን ገመድ ጠቅልላ አስቀመጠች። «እንግዲህ ቀንጃ ሆኛለሁ፣ አንድ በሬ ነው የቀረኝ፤ ከጎረቤት ተቀናጅቼ አርሳለሁ» አለች። «አንተ ግን ሰማዕቱ ላይ አታመካኝ፤ ዝክሬን አውጣ አለህ እንጂ ፋሻህን በበዓሌ ቀይር አላለህም።»

በጊዮርጊስ ዕለት ጠላው ተጠጣ፣ ሞተሩ ሳይከፈት ዋለ። ዳማ ከጎረቤት በሬ ጋር ተጠምዶ አንድ ቀን ለጎረቤት፣ አንድ ቀን ለሸዋነሽ ያርሳል፤ የእሷ ማሳ ከሁሉ ዘግይቶ ተዘራ። ዘመነ ግን ጠዋት ጠዋት ሳይነዳ በፊት መርገጫውን በእጁ ይጫነዋል። ከላላ በዓል አይጠብቅም።