የጎደለችው መስመር

ኤቦት ከተከፈተው የኤሌክትሪክ ሳጥን ሥር ተንጋሎ ነበር። በእጁ ካቻቢቴ ይዟል፤ ከሸሚዝ ኪሱ ካርቶኑ ያልተቀደደ አዲስ ፊውዝ ብቅ ብሏል። ከጎኑ የታተመ ወረቀት ተቀምጧል፤ ከላይ ያሉት መስመሮች በእርሳስ የራይት ምልክት ተደርጎባቸዋል። ኢንስፔክተር ማንካ ጎንበስ ብላ አየችና ወገቧን ይዛ ቀና አለች። የካሜሩኗ ከተማ የቡዌያ ዝናብ አላባራ ብሏል፤ እሷም እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። እውነቱን ለመናገር ሬሳ ማየት ሰልችቷታል።

ቤቱ የገጠር ክሊኒኮችን የፀሐይ ኃይል የሚቆጣጠር ፕሮግራም የሚሠራበት ነው። ፕሮግራሙ የማንም አይደለም፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ኮድ የማይችል ደግሞ የአጠቃቀም መመሪያ በመጻፍ ያግዛል። መመሪያ ጸሐፊዎቹን የሚያስተባብረው ኤቦት ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ከጸሐፊዎቹ አንዷ የሆነችው ወጣቷ ቢህ፣ ገና ሳትጠየቅ። መሬት ላይ ያለው ወረቀት ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው መመሪያ ነው። «ሽፋኑን ክፈቱ፣ ሽቦውን አገናኙ ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ ማለት ረሳሁ። አንዲት መስመር ናት፣ ማዳም! እሱን ሲሞክር ሞተ።»

«ይኸው አምናለች፤ ምን ቀረን?» አለ የጣቢያው አዛዥ፣ ፑፍፑፍ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ እያኘከ። ካቴናውን አዘጋጅቷል።

«ጥቂት ጥያቄ» አለች ማንካ።

ፕሮግራሙን ከጅምሩ የጻፈው ንፎር ክፍሉ ውስጥ ነበር። «ወረቀቱን ይዞ አየሁት። የልጅቷን መመሪያ ልሞክር ነው አለኝ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለዚህ እኮ ነው መመሪያ የማልወደው። ጥሩ ኮድ ራሱ ይናገራል።»

«ጽፈህ አታውቅም?»

«መጻፍ? ማንበብስ መቼ አንብቤ!»

ታቤ ኮሪደሩ ላይ ያለቅስ ነበር። መመሪያዎቹን ወደ ፈረንሳይኛ የሚተረጉም አስተማሪ ነው። «መሞከር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ታክሲ አጥቼ ዘገየሁ።»

«ለምን አንተ? ከኤቦት ትበልጣለህ?»

«ስለማላውቅ ነዋ! ሕጋችን ነው። መመሪያ የሚሞክረው ነገሩን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። የሚያውቅ ሰው የጎደለውን እጁ ይሞላዋል፤ ስህተቱ አይታየውም። ይህን ሳጥን የገጠመው ራሱ ኤቦት ነው። ምናልባት እኔን መጠበቅ ታክቶት…»

«ይታክተው ነበር?»

ታቤ አሰበ። «ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሞካሪ አጥቶ ወር ሙሉ ጠብቋል።»

ማንካ ሁሉንም ሳጥኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው፤ እሷ ግን ደክሟት ወንበር ሳበች።

«ቢህ፣ አንቺ አልገደልሽውም። ሰውዬው ፊውዝ ይዟል፤ መመሪያሽ ላይ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ሊጠግን ነው የመጣው፤ ስለዚህ ተበላሽቷል ብሎ የጠራው ሰው አለ። ሳጥኑን የገጠመ ሰው ደግሞ ሳያጠፋ እጁን አያስገባም። አጥፍቶ ነበር፤ እጁ ውስጥ እያለ አበሩበት። ገዳዩ ወረቀትሽን አምጥቶ ምልክት አደረገበትና ጥፋቱን ባንቺ ላይ ጣለ።»

«ማን?» አለ አዛዡ።

«ኤቦት ይህን መመሪያ ሊሞክር እንደማይችል የማያውቅ ሰው። ቢህ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ?»

«ሳልጽፍ በፊት አንብቤዋለሁ። ዛሬ ግን በዝናቡ ምክንያት የተወው መስሎኝ…» አለች።

«ታቤም ያውቃል። ከሁለቱ አንዳቸው ቢሆኑ ወረቀቱን እዚህ ሬሳ ጎን አያስቀምጡም። ልሞክር ነው አለኝ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ንፎር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

ቢህ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ንፎር ለመካድ እንኳን አቅም ያጣ ይመስል ነበር። «ኤቦት እያንዳንዷን ነገር እየጠየቀኝ መመሪያ ላይ ጻፋት። ክሊኒኮቹ ድሮ ሌት ተቀን ለእኔ ነበር የሚደውሉት፤ አሁን መመሪያውን ስለሚያነቡ ማንም አይደውልም። ምን ቀረኝ?»

አዛዡ ካቴናውን ሲያስገባለት ንፎር ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው።

«እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ማንም አልነገረኝም» አለ።

«ተጽፏል» አለ ታቤ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «የመመሪያዎቻችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ።»