ሃምሳኛዋ ቀለበት

ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ ጂን አየሁ፣ ዛፍ አናገረኝ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፣ ቆቦ ገበያ ማርና ማሽላ ስነግድ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፣ የማምነውም ሚዛን ብቻ ነው፣ እሱንም ራሴ የያዝኩት እንደሆነ። ጎረቤቶቼ ወንዝ ዳር ጥላ ቆሞ አየን ብለው ሲንቀጠቀጡ «ስንት ኪሎ ይሆናል?» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ። ይህን ይዘህ ስማኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ማሽላው ፍሬ በያዘበት በጥቅምት። ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና እየወረደ የራያን ማሽላ ሲጨርሰው፣ ወፉ በሚያድርባቸው ዛፎች ላይ አውሮፕላን መርዝ ሊረጭ ነው ተባለ፣ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ጎሊና ወንዝ ዳር ያለው ግራር ሆነ፣ እዚያ ግራር ላይ ደግሞ የእኔ ሠላሳ ቀፎ ተሰቅሏል። መርዝ ደግሞ ወፍና ንብ አይለይም። አቤት ስል ከረምኩና በመጨረሻ «ባለሙያ ይመጣል፣ ሃምሳ ወፍ ይዞ ይመዘግባል፣ ግሪሳ ካልሆኑ ይቀርልሃል» አሉኝ።

የመጣው ታደለ የሚባል፣ ከጎጃም የተመደበ፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ ወንዝ ዳር ወርደን ሻንጣውን ሲከፍት፣ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ መረብ፣ የጨርቅ ከረጢቶች፣ በሽቦ የተሰኩ ሃምሳ ጥቃቅን ቀለበቶች፣ በየቀለበቱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል።

«ይሄ ለማን ጣት ነው?» አልኩት።

«ለወፍ እግር ነው ጋሽ ሰይድ። አስረንላት፣ ዓይነቷን ጽፈን እንለቃታለን። ሌላ አገር የያዛት ሰው በቁጥሩ ከየት እንደመጣች ያውቃል።»

«ይዘህ ትለቃለህ? እንዲህ ያለ ንግድ አይቼ አላውቅም።»

እሱ መረቡን በሁለት እንጨት መሀል ሲዘረጋ፣ እኔ ቀለበቶቹን ስገላብጥ ብር መሰሉኝና የመጨረሻዋን ነከስኳት። ልማድ ነው፣ ጠገራ ብር ስንገዛ የምንፈትነው እንዲያ ነው። የፊት ጥርሴ ከበቅሎ ወድቄ ስለተሸረፈ ንክሻዬ ሁለት ነጥብና መሀሉ ላይ ጭረት ይተዋል፣ ቀለበቷም ለስላሳ ኖራ ምልክቴን ይዛ ቀረች።

«ጋሽ ሰይድ! የመንግሥት ንብረት ይነከሳል?»

«የኔ ንብረት ሊረጭ አይደል? እኩል ነን።»

የዚያን ቀን ደስታ ልንገርህ ብል አታምነኝም። ታደለ ወፎቹን እያወጣ ያቀብለኛል፣ እኔ ባመጣሁት የወርቅ ሚዛን በከረጢታቸው እመዝናለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ያስራል፣ ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀምጦ «ይልቀቋት» ይለኛል። ዕድሜ ልኬን የመዘንኩት ሁሉ ይሸጥ ነበር፣ ያን ቀን ግን የመዘንኩት ሁሉ በረረ፣ ወላሂ እንደዚያ ቀን የቀለለኝ ቀን የለም።

አጠገባችን ባለው ማሽላ፣ ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን የሚያጮኸው አያ ደርቤ የሚባል ገበሬ ነበር፣ እሱ ደግሞ አውሮፕላኑ ይምጣ ባይ ነው።

«ሰይድ! እህሌን ለጨረሰ ወፍ ጌጥ ታስራለህ? ለሚስትህ እንኳ አስረህላት አታውቅም!»

«ሚስቴ አርፋ አትመዘንልኝማ!»

ቀትር ላይ ወርዶ ከማሬ በማሽላ ቂጣ እያጠቀሰ በላ፣ ታደለም አንዷን ወፍ አሳየው፦ «አያ፣ ምንቃሯን ይዩት፣ እንደ መርፌ ነው። ማሽላ የሚሰብረው ወፍራሙ ነው። እነዚህ ብርድ ሸሽተው ከሩቅ የሚመጡ ትል ለቃሚዎች ናቸው።»

«የኔን የበላውስ?»

«እሱ የሚያድረው ታች ደንገሉ ውስጥ ነው። ሃምሳ ከሞላልኝ አውሮፕላኑ ወደዚያ ይሄዳል።»

«እንግዲያስ ሙላው!» አለ አያ ደርቤ፣ ማሩ ይሁን ምክንያቱ፣ ከዚያ ወዲህ ወገናችን ሆነ።

አርባ ዘጠኝ ስንደርስ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ታደለ መኪናው ነገ ለሌላ ሥራ ስለሚሄድ ዛሬውኑ መጨረስ እንዳለበት ነግሮኛል፣ አንድ ወፍ ጎደለን ማለት ሠላሳ ቀፎ ሄደ ማለት ነው። የቀረችዋን ቀለበት ከሽቦው አውጥቼ ደረት ኪሴ ከተትኩና የአሱርን ሶላት ሰገድኩ። ከስግደት ስነሳ፣ ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው፣ የንቦቹ ድምፅ እንደተዘጋ ሬዲዮ ቀጥ አለ። ማሽላው አይንኮሻኮሽም። አያ ደርቤ ወንጭፉን አንጠልጥሎ ቆሟል፣ ዝም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ኪሴ ውስጥ ጢቅ፣ ጢቅ የሚል ሰማሁ። ቀለበቶቹ ብዙ ሳሉ ይንቀጫቀጩ ነበር፣ እሱስ ደህና፣ ብቻዋን የቀረች ቀለበት ግን ከምን ጋር ተጋጭታ ነው?

መረቡን ባየው አንዲት ወፍ ተይዛለች፣ ሳትንፈራገጥ፣ ተራዋን እንደምትጠብቅ ሰው።

ታደለ አወጣት። «ይቺስ ቀድሞም ታስራለች» አለና እግሯ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። «ጋሽ ሰይድ፣ የቀረችዋን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። ፊደል ላይ እሰንፍ ይሆናል፣ ቁጥር ላይ ግን ማንም አያታልለኝም፣ አንድ ናቸው።

«ፋብሪካው ደግሞት ነው» አለ።

«እስቲ አዙራት።»

የወፏ ቀለበት ዘመን የበላት ናት፣ ሳስታ ጠርዟ ነጥቷል፣ ጎኗ ላይ ግን ሁለት ነጥብና መሀሉ ላይ ጭረት። ታደለ አንዱን ካንዱ ሲያስተያይ ቆየና «አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ፣ እመነኝ፣ የመንግሥት ባለሙያ ጥርሴን እንደ በቅሎ መረመረው። የኔው ነው። ጠዋት የነከስኩት።

«ልቀቋት» አለ አያ ደርቤ፣ ድምፁ ተለውጦ።

«ሳልጽፋት?» አለ ታደለ። «ሃምሳ አልሞላማ!»

«ጻፋት እንጂ» አልኩት፣ ነጋዴ ነኝና በፍርሃትም መሀል መውጫ አይጠፋኝም፣ «ዓይነቷ ትል ለቃሚ ነው?»

«ነው።»

«ሃምሳኛውን ቁጥር አስራለች?»

«አስራለች።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው?»

ጻፈ። ያልታሰረችዋን ለኔ ተወልኝ፣ ወፏንም ለቀቃት። አልመዘንናትም፣ የክብደቱ ቦታ ባዶ ቀረ፣ ሚዛኑ አጠገቤ ተንጠልጥሎ እኔም መዝናት አላልኩ፣ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወረቀቱ ሰመረ። አውሮፕላኑ ደንገሉን ረጨ፣ ግራሩ ተረፈ፣ የዚያን ዓመት ማሬን ከዋጃ ድረስ እየመጡ ወሰዱት፣ አያ ደርቤም የተረፈውን ማሽላ አጨደ። ታደለን ወደ ሌላ አገር አዛወሩት፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ቀለበቷ ግን ሣጥኔ ውስጥ አለች፣ ዛሬም አዲስ ናት፣ ታበራለች። እንግዲህ አንተው አስላው ወዳጄ፣ የወፏ ቀለበት ይቺው የኔዋ ከሆነች፣ ገና አልታሰረችም ማለት ነው፣ አንድ ቀን ከሣጥኔ መውጣቷ አይቀርም። በማን እጅ? ይህን ማሰብ ስጀምር ሱቄን ከፍቼ ወሬ እፈልጋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከሣጥኑ ውስጥ ጢቅ፣ ጢቅ የሚል ሰማሁ። ቀና ስል በዚያችው የወርቅ ሚዛን ሳህን ላይ አንዲት ወፍ ቆማለች፣ ምንቃሯ እንደ መርፌ፣ እግሯ ባዶ። ብጠጋም አልሸሸችኝም። ሣጥኑን አልከፈትኩም። ዓይኔ የሄደው ወደ ሚዛኑ ነው፣ ሳህኑ ንቅንቅ አላለም።